ወርቃማው ናሙና

ለላም እበት አለ፤ ለፈረስ ፋንድያ፣ ለፍየል በጠጥ፣ ለዶሮ ኩስ። ለነብር ግን እስከ ዛሬ ማንም ተጨንቆ ቃል አላወጣለትም። ማን ተጠግቶ ያወጣለታል? ስለዚህ እኛ መሥሪያ ቤት ከአንበሳም ከነብርም ሆድ የሚወጣውን ነገር ሁሉ «ናሙና» እንለዋለን። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሌላው ሰው ጠዋት ጋዜጣ ሲገልጥ እኔ ናሙና እገልጣለሁ።

የምሠራው በአንድ መካነ አራዊት ውስጥ ነው። ክፍሌ ከስጋ ማቀዝቀዣው ጀርባ ናት፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ወንበር አለኝ። መስኮቴ የሚያሳየኝ የአንበሶቹን ግቢ ሳይሆን የቆሻሻ ገንዳውን ነው። ቅሬታ የለኝም። ማለቴ አለኝ፤ የሚሰማኝ ነው የሌለው።

ሥራዬ ላይ አንድ ችግር ነበር። ሦስቱ አንበሶች አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ናሙናም የሚሰጡት አንድ ላይ ነው። ጠዋት ግቢያቸው ሲጸዳ የትኛው የማን እንደሆነ ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። አንዱ ሆድ ውስጥ ወስፋት ቢገኝ ባለቤቱን ፈልጎ ማግኘት ጣጣ ነው። መላ ያገኘሁት ከታላቅ እህቴ ነው። እትዬ የሠርግ ኬክ ትሠራለች፤ ኬኩ ላይ የምትነሰንሰው፣ ቢበላ ሆድ የማይጎዳ ብልጭልጭ አላት። አንድ ቀን «የዚህን ልጅ ሽንት ጨርቅ ስፈታ ሲያብረቀርቅ አገኘሁት! ዱቄቴን በማንኪያ ሲልስ ውሎ ነው» ብላ ትስቃለች፤ እኔ መሳቄን ትቼ ከወንበሬ ተነሣሁ። በማግስቱ የወንዱ አንበሳ ስጋ ላይ አረንጓዴ፣ የሚስቱ ላይ ቀይ፣ የልጃቸው ላይ ሰማያዊ ተነሰነሰ። ጠዋት ላይ የየራሱን ቀለም ይዞ የማይመጣ ጠፋ።

አሮጊቷ ነብራችን ግን ብቻዋን ስለምትኖር ቀለም አያስፈልጋትም ነበር። እሜቴ ነው የምንላት። ግቢዋ ውስጥ የተገኘ ሁሉ የእሷ ነው፤ ሌላ ማን ደፍሮ ይገባል? ተንከባካቢዋ ጋሼ ግን አኮረፉኝ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ አራዊት ሲያበሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሜቴን በ«እርስዎ» ካልሆነ አያናግሯትም።

«ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ አጊጦ እሳቸው ብቻ ምን በደሉ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጌጥ እኮ አይደለም፤ ለምርመራ ነው።»

«ቢሆንም ቅር ይላቸዋል።»

ሰላምታ ሲነፍጉኝ ጊዜ ተሸነፍኩና ወርቃማውን ሰጠኋቸው። ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚህች ይሉኝታ ነው።

ሠራተኛውን ሰብስቤ ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ። ዘበኛው ሳይቀር «ይሄ ትልቅ ስለሆነ የወንዱ ነው፣ ያኛው ከጥላው ስር ስለተገኘ የሴቷ ነው» እያለ ይገምት ነበር። እኔ መገመት አልወድም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዓይናችሁን አትመኑ! መጠኑን አትዩ፣ ቦታውን አትዩ፣ ቀለሙን ብቻ እዩ። ቀለም አይዋሽም» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ሥራ አስኪያጁማ ንግግሬን በጉልህ አስጽፎ በየኮሪደሩ አስለጠፈው። ሳልፍ ሳገድም ቆሜ አነበው ነበር።

አሁን ወደ ጭንቄ ልምጣ። የአንበሶቹ ሆድ ጸዳ፤ የእሜቴ ግን እንቢ አለ። የትል መድኃኒት እሰጣታለሁ፣ ናሙናዋ ንጹሕ ይሆናል፣ ደስ ይለኛል። ትንሽ ቆይቼ ወርቃማውን ማይክሮስኮፕ ስር ሳስገባው የወስፋት እንቁላል እንደገና ፈሶበት አገኛለሁ። መሬቷን አስቆፈርኩ፣ ድንጋዩን በእሳት አስለበለብኩ፣ የውኃ ገንዳዋን አስቀየርኩ። ወይ ፍንክች! እሷም እየከሳች ሄደች፤ ጸጉሯ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ተመለጠ።

በዚህ መሐል ከሌላ መካነ አራዊት ሁለት ወጣት ነብሮች ሊላኩልን ሆነ። የላኪዎቹ ቃል አጭር ነበር፤ ወስፋት ያለበት ግቢ ልጆቻችንን አናስገባም አሉ። ኮሚቴው ተሰበሰበና የሚቀጥለው ወርቃማ ናሙና እንቁላል ከተገኘበት እሜቴ በመርፌ ትረፍ ብሎ ወሰነ። መርፌውን የምትወጋው ማን ናት? እኔ።

እዚህ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያዋ ታካሚዬ እሜቴ ነበረች። እጄን ያሟሸሁት በእሷ ጥርስ ነው። መግል የቋጠረ ክራንቻዋን ነቅዬላት ስትነቃ፣ እየተንገዳገደች ወደ ፍርግርጉ መጣች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ተኛች። አልተቆጣችኝም፣ አላመሰገነችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እወዳታለሁ። እሷን ገድዬ ቤቴ ገብቼ እራት ልበላ? አልችልም። ይህን ለኮሚቴው ብነግረው «ስሜት ነው» ይለኛል። አዎ፣ ስሜት ነው፤ ምን ይሁን ታዲያ?

ጉዱ የፈነዳው ቀጣዩን ናሙና ሳልመረምር ነው። አንድ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ስትጠርግ ከጠረጴዛው ስር አንድ ነገር አገኘች። ነገርየው ወርቃማ ነው። ያብረቀርቃል።

ሥራ አስኪያጁን ላስተዋውቃችሁ። ከረባቱ የማይዛነፍ፣ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ይዞ የሚገባና ያንኑ ቦርሳ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ሥራውን እቤቱ ድረስ ይሸከማል ብለን እናዝንለት ነበር። አራዊት ይፈራል፤ የአንዳቸውንም ግቢ ተጠግቶ አያውቅም። በሽታ እንዳያስገቡ ብዬ ስመክረው ዋናው በር ላይ «ድመትና ውሻ ወደ ግቢ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ያሰቀለው እሱ ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በሆዴ ግን «አንተ» ነው። እሜቴ ትረፍ ካለ በኋላማ በሆዴ የምለው ሌላ ነው።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ናሙናው ሳህን ላይ ሆኖ፣ ብርጭቆ ተደፍቶበት፣ ጠረጴዛው መሐል ተቀምጧል። ርዝመቱ ትንሿን ጣቴን አያህልም።

«ዶክተር፣» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ «ይሄ ምን ቀለም ነው?»

«ወርቃማ ነው።»

«ወርቃማ የማን ነው?»

«የእሜቴ ነው፤ ግን መጠኑን ብታዩት...»

«መጠኑን አትዩ ያሉን እርስዎ አይደሉም?» አለ የጥበቃ ኃላፊው። ይህ ሰው ምርመራ ሲያገኝ ምሳውን ይረሳል። «ቦታውንም አትዩ ብለዋል። ግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

«የድመት ነው እኮ የምላችሁ!»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ልውጥ አለ። «እዚህ ግቢ ድመት የለም፤ ክልክል ነው» አለ። አጀንዳው ተዘጋ።

የጥበቃ ኃላፊው ተነሥቶ ሪፖርቱን በቃል አቀረበ። «የቢሮው በር አልተሰበረም። የነብሯም በር አልተሰበረም። ጠዋት ሄጄ ሳየው እንደተቆለፈ ነው።»

«ታዲያ በየት ወጣች?» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ።

«የሚያስፈራውስ እሱ አይደል! ከፍታ ወጥታለች፣ ተጠቅማለች፣ ተመልሳ ገብታ በላይዋ ላይ ቆልፋለች።»

ሁሉም አእምሮው ውስጥ ነብሯ ቁልፉን ስታዞር እያየ እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቃል።

«ግን ለምን የእኔ ቢሮ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከልቡ ተከፍቷል።

«ውሳኔያችንን ሰምታ ይሆናል፤ ቅሬታዋን መግለጿ ነው» አለች የአስተዳደር ኃላፊዋ።

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ነብር ቅሬታ ስታቀርብ ከእኔ ቀድማ ሰሚ አገኘች ብዬ አሰብኩ። ናሙናውን ወስደሽ መርምሪ ተባልኩና ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁት፤ እንቁላሉ ስፍር ቁጥር የለውም። ብዋሽ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ግን ፊቴ ውሸት አይችልም፣ ገና ከበሩ ስገባ ሁሉም አወቁ። እንቁላል ያለባት፣ በዚያ ላይ እንዳሻት እየወጣች የምትገባ ነብር ተብላ ውሳኔው ጸደቀ፤ ነገ ምሳዋን ትብላና ከምሳ በኋላ ትረፍ።

የዚያን ቀን የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቃል ያስለቅሳል። የእሜቴ በር ላይ ስትወጣ እንዲሰማ ደወል ተንጠለጠለበት። ሁለተኛ ቁልፍ ተጨመረ፤ የጥበቃ ኃላፊውም ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ እሷ ባለችበት እንዳይወራ አስጠነቀቀ። የሕዝብ ግንኙነቱ «አይታወቅም» ብሎ በአጠገቧ ሲያልፍ እጅ ይነሣት ጀመር። ሁሉም ቢሮ መስኮቱን እንዲዘጋ ሲታዘዝ ሥራ አስኪያጁ ብቻ የራሱን አልዘጋም። «ይሞቀኛል» አለ። ጀግና ነው ተባለለት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እትዬ ወጥ ቤት ሄድኩ። ኬክ እየከረከመች ነበር፤ ሲከፋኝ ቁርጥራጩን መብላት ልማዴ ነው። ሁሉን ነገርኳት። ነብሯ በላይዋ ላይ ቆለፈች የሚለው ላይ ስደርስ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው።

«የኔ እናት፣ ነገ አንቺው ነሽ የምትወጊያት?»

«እኔው ነኝ።»

እትዬ ተነሣች። ከመደርደሪያው ላይ ለውድ ሠርግ ብቻ የምታወጣውን ወርቃማ ብልጭልጭ አውርዳ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። «የመጨረሻ ምሳዋ ላይ አንቺ ራስሽ ነስንሽላት። ይድመቅላት» አለች። እዚያው ኬኩ ላይ አለቀስኩ፤ እሷም «ክሬሙን አጨማለቅሽብኝ» ብላ አቀፈችኝ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መርፌውን ኪሴ ከትቼ ወደ እሜቴ ግቢ ወረድኩ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሲገባኝ አፈርኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ስሠራ እሜቴ ስትበላ አይቼ አላውቅም። እኔ ሁልጊዜ የምደርሰው ከምግቡ በኋላ ነው። ጋሼ ስጋውን በባልዲ ይዘው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ወርቁን አንድም ሳላስቀር ነሰነስኩት። ስጋው በፍርግርጉ ስር ገባ። እሜቴ ከተኛችበት ተነሥታ መጣች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ስጋውን ትታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ምነው አትበላም?»

«እንግዳቸውን እየጠበቁ ነው» አሉ ጋሼ።

እንግዳ? አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ ከኋላ ባለው የውኃ መውረጃ በኩል አንዲት ወፍራም ግራጫ ድመት፣ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ ታስሮላት፣ የቤቷን ሳሎን እንደምታቋርጥ ባለቤት ዘና ብላ ገባች። እሜቴ ጆሮዋን አነቃነቀች። ድመቷ ስጋው ላይ ጉብ ብላ ከለስላሳው በኩል ጀመረች፤ አፏና ጢሟ ወርቅ በወርቅ ሆነ። እሜቴ እሷ ስትበላ አየቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ ከሌላው ጫፍ መብላት ጀመረች። ድመቷ ስትጠግብ ጥግ ላይ ሄዳ አፈሩን ጫር ጫር አደረገችና የራሷን ናሙና አስቀመጠች። ሸፈነችው። ወጣች።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሳቸው ካረጁ ወዲህ ነው። ከእሷ ጋር ካልሆነ እህል አይወርድላቸውም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ድመት ክልክል ነው፣ ያባርሩባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ደሞ አንቺ ልጄ፣ ስለሚወጣው እንጂ ስለሚገባው ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ለመቆጣት ጊዜ አልነበረኝም። ድመቷን ተከትዬ ሮጥኩ። ጋሼም ባልዲያቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ድመቷ በጎብኚዎች መሐል አለፈች፣ «ድመትና ውሻ» ከሚለው ማስታወቂያ ስር አለፈች፣ የአስተዳደር ሕንፃው ጋ ስትደርስ ወደ ብቸኛው ክፍት መስኮት ዘልላ ገባች። የማን መስኮት እንደሆነ ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ።

ሳላንኳኳ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ እየጻፈ ነው፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ አንድ እጁን ወደ ታች ሰደደ፣ ድመቷም ጭንቅላቷን ከመዳፉ ስር አስገባች። ያ ትልቅ ጥቁር ቦርሳ አጠገቡ ተከፍቷል። ውስጡ አንድም ፋይል የለም፤ የሴት ሹራብ ተነጥፎበታል።

ቀና ሲል አየኝ። እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀ።

«ድመት ክልክል ነው» አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

«አውቃለሁ። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

«ወርቁን የበላችው እሷ ናት። ከእሜቴ ጋር አብረው ነው ምሳ የሚበሉት፤ ወስፋቱንም የምታመጣላት እሷ ናት። እኔ ነብሯን ሳክም እሷ መልሳ ትሰጣታለች።»

«ይሄ ሊሆን አይችልም። እሷ ቤት ባዘጋጀሁላት የአሸዋ ሳህን ላይ ነው የምትጠቀመው። ንጹሕ ናት።»

«ትናንት ሳህን ላይ አስቀምጠን የተሰበሰብንበትስ?»

ድመቷን አነሣት። ጢሟ ላይ የቀረውን ወርቅ በአውራ ጣቱ ጠርጎ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው።

«የባለቤቴ ናት» አለ። «ቤት ብቻዋን ስትውል ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ይሰማታል። ስለዚህ ይዣት እመጣለሁ።» ድመቷን እያሻሸ «እኔም ብቻዬን ስሆን ያው ነኝ» አለ። ከዚያ ድንገት ደንግጦ «ነብሯ አትነካትም?» ብሎ ጠየቀ።

«ነብሯ እሷ ካልመጣች አትበላም። ቁጭ ብላ ትጠብቃታለች።»

ይህን ስለው ሰውየው ድመቷን ወደ ደረቱ አስጠጋት።

«ባለቤቴ መጨረሻ ላይ ምግብ እንቢ አለች» አለ። «አማቴ ያልሠሩት ነገር አልነበረም፤ አትቀምስም። ይህቺ አልጋው ላይ ወጥታ ጎኗ ስትቀመጥ ብቻ አንዲት ማንኪያ ትቀበለኛለች። አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። በሩን ገርበብ አደርግና «ጎረሰች» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሌላ የምንነጋገረው አልነበረንም።»

አሳዘነኝ፤ መርፌው ግን ኪሴ ውስጥ ነው። «ሁለቱንም እኩል ካከምኳቸው ሁለቱም ይድናሉ፤ ማንም መሞት የለበትም። ግን አሁኑኑ ለኮሚቴው መናገር አለብዎት» አልኩት።

«ድመቷን ይወስዱብኛል።»

«ካልተናገሩ እኔ ነብሯን እገድላለሁ።»

ድመቷን ሹራቡ ላይ አስተኝቶ ቦርሳውን በስሱ ዘጋ። ከረባቱን አስተካከለ። «እናገራለሁ» አለ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ እኔን እየጠበቀ ነበር። የጥበቃ ኃላፊው፣ እሜቴ ብታመልጥ ብሎ፣ የብረት ቆብ አድርጓል። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ናሙናው የእኔ ነው» አለ።

ድመቷን ያወጣታል ብዬ ስጠብቅ!

«የትኛው ናሙና ጌታዬ?» አለ የጥበቃ ኃላፊው።

«ከጠረጴዛዬ ስር የተገኘው፤ ወርቃማው።»

«ግን ወርቃማ...»

«ኬክ በልቼ ነበር። የዶክተር እህት የሠራችውን። ወርቅ ነበረበት።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይህ ሰው በሆዴም «እርስዎ» ሆኑ። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ከረባታቸው ላይ አንዲት ግራጫ ጸጉር ተጣብቃለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴ ውሸት እንደማይችል ነግሬያችኋለሁ፤ ስለዚህ እውነቱን ተናገርኩ። «እህቴ ወርቅ ታበዛለች» አልኩ።

የጥበቃ ኃላፊው ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። «ቁልፍ! የቢሮው ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነዋ! ለዚህ ነው በሩ ያልተሰበረው!» የብረት ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገ፤ እንቆቅልሹ ስለተፈታለት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሌሎቹም እፎይ አሉ። ከጠረጴዛው ስር ለምን ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም፤ አለቃ ናቸው፣ የገዛ ቢሯቸው ነው። ስለ መጠኑም ማንም ትንፍሽ አላለም። መጠኑን አትዩ ብዬ በሚገባ አስተምሬያቸዋለሁ።

ነብሯ በነፃ ተለቀቀች። ይቅርታ እንዲጠየቅላት የሕዝብ ግንኙነቱ ሐሳብ አቀረበ፤ ተቀባይነት አገኘ። ናሙናው ውስጥ ወስፋት ስለነበር ግን ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ይታከሙ ተባለ። ክኒኑን ሰጠኋቸው፤ በሁሉም ፊት በአንድ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት። የአስተዳደር ኃላፊዋ ደግሞ እጇን አወጣች፦ «ለወደፊቱ ከነብሯ ጋር እንዳይምታታ ለሥራ አስኪያጁ የራሳቸው ቀለም ይሰጣቸው።» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሐምራዊ ደረሳቸው።

እኔ የእሜቴን መርፌ ቀየርኩ፤ ወጋኋት፣ ግን የትል መድኃኒት ነው። ለድመቷም ቦርሳው ውስጥ እንዳለች ክኒን አጎረስኳት፤ እጄን ቧጨረችኝ። የውኃ መውረጃው በወንፊት ተዘጋ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ተጣለ። ሁለቱም ንጹሕ እስኪሆኑ መገናኘት የለባቸውም ብዬ አዘዝኩ። በሕክምናው ልክ ነበርኩ።

እሜቴ ግን ምግብ አቆመች። ጋሼ ስጋውን ያስገቡላታል፤ አጠገቡ ትቀመጥና ወደ ውኃ መውረጃው ታያለች። አንዳንዴ ላስ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም። «ኧረ በእኔ ሞት ይቅመሱ» ብለው ሲለምኗት ሰምቼ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘግቻለሁ። ከመርፌ አድኜ በረሃብ ልገድላት ነው ብዬ ሰጋሁ። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ ኮሪደር ላይ ይጠብቁኛል። ወረቀት የሚያስፈርሙ እየመሰሉ ጠጋ ይሉና «በላች?» ይሉኛል። «አልበላችም» እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ።

በመጨረሻ ሁለቱም ጸዱ። ሐምራዊው ናሙና ከድመቷ አሸዋ የተወሰደ ቢሆንም ኮሚቴው ፊት «ሥራ አስኪያጃችን ንጹሕ ናቸው» ተብሎ ተነበበ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እሳቸው ጭብጨባውን አልሰሙም። «ወርቃማውስ?» አሉኝ በጆሮዬ። «እሱም» አልኳቸው። ቦርሳቸውን አንሥተው ቀጥ ብለው ወጡ።

በምሳ ሰዓት እሜቴ ግቢ ስደርስ ፍርግርጉ ፊት ለፊት ቆመዋል። በሕይወታቸው ወደ አውሬ እንዲህ ቀርበው አያውቁም። ሐምራዊ የተነሰነሰበት ምሳቸውን በሳህን ይዘዋል። ጋሼ ወንፊቱን አንሥተው ዘወር አሉ። ሥራ አስኪያጁ ተንበርክከው ሳህኑን በፍርግርጉ ስር አስገቡና ቦርሳቸውን ከፈቱ።

በዚሁ ሰዓት የሕዝብ ግንኙነቱ ጎብኚዎች አስከትሎ መጣ። «ይህቺ ነብራችን ናት፤ ወርቃማ። እኒያ ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው፤ ሐምራዊ» አለ። ጎብኚዎቹ ፎቶ አነሡ። ሥራ አስኪያጁ ሳይዞሩ እጃቸውን አውለበለቡላቸው።

ድመቷ በመውረጃው ገባች። እሜቴ ከተኛችበት ጭንቅላቷን ቀና አደረገች፤ አጥንቷ ይቆጠራል። ድመቷ ዝም ብላ አልፋት ሄዳ ሐምራዊ ሳህኗ ላይ ተቀመጠችና መብላት ጀመረች። እሜቴ ተነሣች፣ ተንገዳገደች፣ ስጋዋ ጋ ደርሳ ቆመች። ድመቷን አየች። ጎንበስ አለች።

እኔ ከሥራ አስኪያጁ ኋላ ነበርኩ። ከፍርግርጉ ፊታቸውን ሳያነሡ፣ በር ገርበብ አድርጎ ውጭ ለቆመ ሰው እንደሚናገር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጎረሰች» አሉ።